የዘርፌ ደባሬ

ዘርፌ ስትቆጣ የጤና ጣቢያው ዘበኛ ሳይቀር ሥራ ያገኘ መስሎ ወደ ጓሮ ይዞራል። ያን ቀን የተቆጣችባቸው ሰው ግን እንዲህ በቀላሉ የሚሸሹ አልነበሩም። አባ ጣዲቻ አግዳሚው ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ ዱላቸውን በጉልበቶቻቸው መካከል አቁመው፣ የምትለውን ሁሉ በጥሞና ያዳምጣሉ። አልፎ አልፎም «እውነትሽን ነው» እያሉ ያግዟታል። ይሄ ደግሞ ቆሽቷን ይበልጥ ያሳርረዋል።

«ለማን ለማን አካፈልኩት አሉኝ?»

«ለሚያስለው ሁሉ።»

«የወር ኪኒን! እኔ በእጄ ጠቅልዬ ያስያዝኩዎትን!»

«ታዲያ ኢንታላ ኮ» አሉ ሽማግሌው፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ጎረቤቴ ሌሊቱን ሲያስል እያደረ እኔ ብቻዬን ልዋጥ? ብቻውን ለሚጠጣ ሰው እኛ ዘንድ ልጁን የሚድርለት የለም።»

«ለእርስዎ በዚህ ዕድሜ ማን ልጁን ይድርልዎታል!» አለችና ሳታስበው ሳቋ አመለጣት። ወዲያው ደግሞ ፊቷን አኮሳተረች። ነገሩ የሚያስቅ አልነበረማ። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ተካፍሎ የሚዋጥ ነገር አይደለም፤ ለአንዱም ሳይበቃ ሁሉም ሳይድን ይቀራል።

ዘርፌ በነገሌ ጤና ጣቢያ የሳንባ ነቀርሳ ክፍል ጤና ረዳት ናት። እዚያው አቅራቢያ የምትገኘው የወደራ ልጅ ናት፤ ኦሮምኛውን ከአማርኛው ጋር ያለ ወሰን ትቀላቅለዋለች። አባ ጣዲቻን ባለፈው በጋ ደም እያሳላቸው በግመል ጭነው ሲያመጧቸው የተቀበለቻቸው እሷ ነበረች። ከባለሱቁ ከረዲ ጓሮ አንዲት ክፍል ለምና አሳደረቻቸው፤ ጠዋት ጠዋት ሄዳ መርፌ ወጋቻቸው። ሽማግሌው ታዲያ በተወጉ ቁጥር እጇን ይይዙና እንደ ቦረና አባቶች ወግ መዳፏ ላይ እንትፍ ብለው ሊመርቋት ይዳዳቸዋል።

«ኧረ በሕግ!» ብላ እጇን ትነጥቃለች። «በዚህ በሽታ ምራቅ? ሊገድሉኝ ነው?»

እሳቸውም አዝነው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ ያዞሩና ምርቃቱን ወደ ውጭ ይለቁታል። ምርቃት መከልከል ምን ያህል እንደሚያስቀይማቸው ዘርፌ ታውቃለች። ግን ምን ታድርግ? እንዲህ እየተነጫነጩ ነው የተዋደዱት። መርፌው አልቆ ወደ ኪኒን ሲዛወሩ ወደ መንደራቸው ተመለሱ፤ በየወሩም በእግራቸው እየመጡ መድኃኒታቸውን ይወስዱ ጀመር።

አሁን የመጡት ግን ለመሰናበት ነው። ከዳዋ ወንዝ ማዶ ዘንቧል፤ በዚህኛው በኩል ሣሩ አልቋል። ከብቱ ከሄደ ሰውም ይሄዳል። ሕክምናቸው የሚያልቀው ደግሞ ገና ከአራት ወር በኋላ ነው።

ዳዋን የተሻገረ ሰው ሌላ አውራጃ ገባ ማለት ነው። ከብቱ ይህን አያውቅም፤ ጤና ጥበቃ ግን አሳምሮ ያውቃል። ዘርፌ የአውራጃው ጤና ጥበቃ ኃላፊ ወደሆነው ወደ ጓድ ደበላ ቢሮ ገባች። ደበላ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ለክትባት ዘመቻ በረሃ ለበረሃ ሲንከራተት ጨጓራው የተቃጠለ፣ ከክፍለ ሀገር በሬዲዮ በተጠራ ቁጥር ቆቡን የሚያስተካክል ደግ ሰው ነበር።

«ጩኸትሽ እዚህ ድረስ ተሰምቶኝ የማዶዎቹን በሬዲዮ ጠይቄያቸዋለሁ» አላት ገና ሳትቀመጥ። «መድኃኒታችን በኮታ ነው፣ በእናንተ የተመዘገበ የእናንተ ነው አሉኝ።»

«እንግዲያው የአራት ወሩን አስይዘን እንስደዳቸው።»

«የአንድ ወሩን ለመንደር ላደለ ሰው? ዘርፌ፣ ምን ነካሽ! መመሪያውም አይፈቅድም። ከአውራጃው የወጣ በሽተኛ ጠፋ ተብሎ ይሰረዛል።»

«የታል የጠፋው? ያውና አግዳሚው ላይ ተቀምጦልሃል!» አለች። ስትናደድ ለሽማግሌውም ቢሆን አንቱታው ይጠፋባታል። «ካቋረጡ ይሞታሉ። ይህን አንተም ታውቃለህ።»

ደበላ ያውቃል። ግን መድኃኒቱ ባክኖ ቢቀር ክፍሉን ከእጇ እንደሚነጥቋት፣ እሱንም እንደማይምሩት ነገራት። ዘርፌ በሩን ድርግም አድርጋ ወጣች።

ተመልሳ ከሽማግሌው አጠገብ ዘጭ አለች። «አባ፣ አይሂዱ። ከብቱን ለሌላ ሰው ይስጡና እዚሁ ይቅሩ።»

«የሰው ላም ለማን እሰጣለሁ?» አሉ ደንገጥ ብለው። «ደባሬ ናት እኮ!»

«ምንድን ናት?»

«ድርቁ ከብቴን ሲጨርሰው ሶራ፣ የጎሳ ወንድሜ፣ አንዲት ላም ሰጠኝ። ወተቷ የኔ ነው። ላሚቱ ግን የሶራ ናት፤ የምትወልደውም የሶራ ነው። አልሸጣትም፣ አላርዳት፣ ለሌላ አላሳልፋት። ደባሬ እንዲህ ነው።»

«ጎረቤት ቢለምንዎትስ?»

«ወተቱን እሰጠዋለሁ። ላሚቱን? ወይ ጉድ! የሰው አደራ ሰጥቼ በምን ዓይኔ ሰው አያለሁ?»

 ዘርፌ ብድግ ብላ ወደ ክፍሏ ሮጠች። ስትመለስ የአራት ወር ኪኒን በጨርቅ ከረጢት ቋጥራ ነበር።

«ይኸውልዎት። ይህም ደባሬ ነው» አለች እያለከለከች። «ባለቤቱ እኔ ነኝ። እርስዎ ይውጡታል እንጂ የእርስዎ አይደለም። ለማንም አሳልፈው አይሰጡም።»

አባ ጣዲቻ ከረጢቱን አልተቀበሉም።   ሽማግሌው ከተቀበሉ ቃላቸውን እንደማያጥፉ፣ ካልተቀበሉም ማንም እንደማያስገድዳቸው ዘርፌ ታውቃለች።

«ምስክር ያስፈልገዋል» አሉ በመጨረሻ።

ዘርፌ ጓድ ደበላን እጁን ይዛ ከቢሮው ጎትታ አመጣችው። ሽማግሌው ነገሩን ሁሉ ከላም እስከ ኪኒን አስረዱት። ደበላ መመሪያውን ሊጠቅስ አፉን ሲከፍት ሽማግሌው ቀደሙት።

«ጥጃውስ?» አሉ አባ ጣዲቻ። «ደባሬ ጥጃ አለው። ከዚህ የሚወለደው የማን ነው?»

«የኔ ነው! የሚወለደው ሁሉ የኔ ነው! አሁን ይቀበሉኝ!» አለች ዘርፌ ትዕግሥቷ አልቆ።

«ሰምተሃል?» አሉት ደበላን።

«ሰምቻለሁ» አለ ደበላ፤ ቆቡንም አስተካከለ። ምን እንደሰማ ግን አላወቀም።

ሽማግሌው ከረጢቱን በሁለት እጃቸው ተቀበሉና ሄዱ።

የዘርፌ መከራ የጀመረው ያን ጊዜ ነው። ጠዋት ወደ ሥራ ስትገባ በረዲ ሱቅ በኩል ታልፋለች። ረዲም ሳትጠይቀው ራሱን ይነቀንቃል፤ ከማዶ የመጣ ሰው የለም። ውሎ አድሮ ግን አንድ ቀን እሷን ሲያይ ዕቃ የሚፈልግ መስሎ ጀርባውን ሰጣት።

«ረዲ፣ ምን ሰማህ?»

«ምንም።»

«ረዲ!»

«አንድ ሾፌር ነው ያወራው... ከዳዋ ማዶ አንድ የሚያስል ሽማግሌ ሞተ አለ። ሽማግሌ መቼም አንድ ብቻ አይደለም፣ እህቴ።»

ዘርፌ የዚያን ዕለት በማንም ላይ አልጮኸችም። በሽተኞቿ ግራ ገባቸው፤ ዘበኛው እንኳ አሟት ይሆን ብሎ ጠየቀ። የአራት ወሩ ቀነ ቀጠሮ መጣ፣ አለፈም። ደበላ በሯ ድረስ መጥቶ ተመለሰ። «ነግሬሽ ነበር» ቢላት ይሻላት ነበር። መርፌ መቀቀያው ላይ አጎንብሳ አለቀሰች። በራሴ አፍ፣ በራሴ እጅ አሳልፌ ሰጠኋቸው አለች።

ቀጠሮው ካለፈ በኋላ፣ አንድ ረፋድ ላይ ዘበኛው «ኧረ እትዬ ዘርፌ!» እያለ ሲጣራ ሰማች። በሩ ላይ አባ ጣዲቻ ቆመዋል። ጉንጫቸው ሞልቷል፤ ትከሻቸው ሰፍቷል።

«አካም፣ ኢንታላ ኮ? ናጋ?» አሉ፤ እንዴት ነሽ፣ ሰላም ነው ወይ ማለታቸው ነው።

«ናጋዎን ያቆዩት!» ብላ ጮኸች፤ እንባዋ ግን ቀድሟት ወርዷል። «የት ገብተው ነው? ሞቱ ተባለ እኮ! ቀጠሮ የሚባል ነገር አያውቁም?»

«የታመመ ሰው በቶሎ አይሄድም» አሉና ወደ ኋላቸው አመለከቱ። ከአጥሩ ጥላ ሥር ሰዎች ተቀምጠዋል፤ ወንዶች፣ ሴቶች፣ አንዲት ሕፃን ያዘለች እናት። ሁሉም ያስላሉ። ከሁሉም ኋላ አንድ ረጅም ሽማግሌ የዛፍ ግንድ ተደግፈዋል።

«ያ ሶራ ነው» አሉ አባ ጣዲቻ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ላሚቱን የሰጠኝ። ከኪኒኑ ትንሽ ስጠኝ ብሎ ለመነኝ። ከለከልኩት። ደባሬ ነው አልኩት። እሱም ደባሬ ከሆነ አትስጠኝ አለ። ዘርፌ፣ በዕድሜዬ እንደዚያ የከበደኝ ነገር የለም። ስለዚህ አብሬው መጣሁ።»

 ደበላ ጫጫታውን ሰምቶ ወጥቷል። ሰዎቹን አየና «ከየት ናቸው?» አለ።

«ከማዶ።»

«አባቴ፣ እኛ የሌላ አውራጃ ሰው...»

«አንተ ምስክር ነበርክ» አሉት አባ ጣዲቻ። «የሚወለደው የማን ነው ተባለ?»

ደበላ ዘርፌን አየ። ዘርፌ እጆቿን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆማለች። ቆቡን አወለቀ፤ ራሱን አከከ፤ አስቦ አስቦ መልሶ ሊያደርገው ሲል ተወው።

«የእሷ» አለ በቀስታ። «አስገቢያቸው። ለክፍለ ሀገሩ እኔ እናገራለሁ። ጥጃ ወለድን እላቸዋለሁ፣ ምን አባታቸው ያመጣሉ!»

የአባ ጣዲቻ አክታ በማግስቱ ተመረመረ፤ ንጹሕ ነበር። ዘርፌ ውጤቱን ይዛ ስትወጣ ሽማግሌው ከሶራ አጠገብ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። መርፌ ምን እንደሆነ፣ ዘርፌም እንዴት እንደምትጮህ እየነገሩ ያደፋፍሯቸዋል። ዳኑ ስትላቸው እንደ ልማዳቸው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ፤ ሊመርቁ ነው።

«ወዴት ነው የሚያዞሩት?» አለች ዘርፌ።

ከፊታቸው ተንበረከከችና መዳፏን ዘረጋችላቸው።

«እዚህ» አለች። «እንትፍ ይበሉብኝ፣ አባ።»