ቀጥ ብላ ያልነጠረችው ኳስ

ኳሷ ከመሬት ተላትማ ስትነሳ ዳኛው ክሊቭ ሄንሽኬ ትከሻው ውስጥ አንድ ነገር ሲንቋቋ ተሰማው። ኳሷ ወደ ግራ አጋደለች። ፊሽካውን ነፋ፤ አነሳትና በእጁ ሽቅብ ወረወራት። በዛሬው ከሰዓት ብቻ ይህ ሦስተኛው ነው።

«አንተ ነጭ ትል! የሚያግዝህ ሰው እንጨምርልህ እንዴ?» አለ ከአጥሩ ወዲያ አንዱ፣ የሥጋ ፓዩን እያላመጠ፤ ነጭ ለባሽ ዳኛ እዚህ አገር የሚሰደበው እንዲህ ነው። ሜዳውን ከበው በቆሙት መኪኖች ውስጥ ያሉት ሁሉ ሳቁ። ክሊቭ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

በእኛ በአውስትራሊያ የስንዴ አገር እግር ኳስ የሚጀምረው በዳኛ ክንድ ነው። ዳኛው ጫፎቿ የሾሉትን ኳስ ከክቡ መሃል በኃይል ይፈጠፍጣታል፤ ቀጥ ብላ ከነጠረች የሁለቱ ቡድን ረጃጅሞች እኩል ዘለው ይሻሟታል። ከጠመመች ግን ዳኛው ራሱ፣ በገዛ ራሱ ላይ ፊሽካ ነፍቶ ይመልሳትና ይወረውራታል። ክሊቭ ሲያነጥር ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ እንደ ምሰሶ ቀጥ ትልለት ነበር። «ማንጠር ያቃተው ዳኛ ቤቱ ይቀመጥ» የሚለውም እሱ ነበር፤ በዚችው ቃል ስንቱን ጎበዝ ልጅ ከሜዳ አባሯል።

ዛሬ ከጨዋታው በኋላ ድምፅ ይሰጣል። ከመጪው ዓመት ጀምሮ ማንጠሩ ይቅርና ኳሷ ትወርወር የሚሉ አምስት ክለቦች አሉ፤ ወጋችን አይነካም የሚሉም አምስት። አሥራ አንደኛው ድምፅ የዳኞቹ ነው፣ ማለትም የክሊቭ። ሐኪም የትከሻህ ጅማት ተበጥሷል ካለው ወር አልፎታል። ለሚስቱ ለጆይስ እንኳ ትንፍሽ አላለም። የፊታችን ቅዳሜ የዋንጫውን ጨዋታ የሚዳኘው እሱ ነው፤ ከዚያ በኋላ ጨርሶ ይበጠስ፣ ግድ የለውም።

የዛሬው አሸናፊ ለዋንጫው ያልፋል፤ ተሸናፊው ይሰናበታል። ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ሲቀር ኩርላዎች ታራንዳዎች ላይ አገቡና ነጥቡ እኩል ሆነ። ኳሷ ወደ መሃል ተመለሰች። የመኪኖቹ ጥሩምባ ጸጥ አለ። አሁንም ከጠመመችብኝ፣ አለ ክሊቭ በሆዱ፣ ስብሰባው ላይ በምን አፌ እናገራለሁ?

ፈጠፈጣት። ጠመመች። ብዙም አይደለም፤ አንድ ክንድ ያህል፣ ወደ ታራንዳዎቹ ዘላይ። ክሊቭ አይቷል። ፊሽካው ከንፈሩ ላይ ነበር፤ ትንፋሽም ነበረው። አልነፋም።

ታራንዳዎች በሦስት ቅብብል አገቡ። የማብቂያው ሳይረን ጮኸ። የኩርላዎች ዓመት እዚያው አከተመ።

የኩርላው ዘላይ ዱጋን፣ በግ በመሸለት የሚተዳደር ግዙፍ ሰው፣ ላቡን እየጠረገ መጥቶ እጁን ዘረጋ።

«ጥሩ ዳኝተሃል፣ ክሊቭ። ያቺ የመጨረሻዋ ትንሽ ዘመም ያለች መስሎኝ ነበር። ግን አንተ ካልነፋህ ቀጥ ብላለች ማለት ነው።» ትከሻውን መታ መታ አደረገው። «አንተን አውቅህ የለ።»

ቢሰድበው በስንት ጣዕሙ! ክሊቭ ወደ መልበሻ ክፍል ገባ። የሻወሩን ውሃ ከፍቶ ፊቱን ከሥሩ አደረገ።

የክለቡ አዳራሽ ቢራና የተጠበሰ ሽንኩርት ይሸታል። ሰብሳቢዋ ሎርና የድምፅ ወረቀቶቹን ቆጥራ ቀና አለች።

«አምስት ለአምስት። እንግዲህ ክሊቭ፣ የምትለውን ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። ለወጉ ያህል በለውና ቢራችን ሳይሞቅ እንጠጣ።»

ሰዉ ሳቀ። ክሊቭ ተነሳ። ሳምንቱን ሙሉ ያጠናው ንግግር ነበረው፣ ስለ ወግ፣ ስለ ችሎታ፣ ስለ ዳኛ ክብር። ዓይኑን በጨው አጥቦ ሊለው ይችል ነበር። በሩ አጠገብ ኩርላዎች ከነጭቃቸው ቆመዋል፤ ዱጋን በመካከላቸው ሆኖ እንደ ሌላው ሰው ፈገግ ብሏል።

«ድምፄን ከመስጠቴ በፊት» አለ ክሊቭ። «የዛሬዋ የመጨረሻ ኳስ ጠማማ ነበረች። አይቻታለሁ። እያየሁ ዝም አልኩ።»

የታራንዳው ሊቀመንበር ብርጭቆውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

«ምን አልክ? ድገመው እስቲ።»

ክሊቭ ደገመው፣ አሁን ድምፁን ከፍ አድርጎ። ዱጋን ግን መጀመሪያውኑ ሰምቶ ነበር። ፈገግታው ፊቱ ላይ ትንሽ ቆየና ጠፋ፤ ከዚያ በሩን ከፍቶ ወጣ።