ከገነነ አፍ የመጣው ቃል

ንግሥቴ በሃምሳ ሁለት ዓመት ዕድሜዋ አንድ ጊዜ ብቻ ዋሸች፤ እሱንም መስቀል ጨብጣ። እስከዚያ ቀን ድረስ ውሸት አይሆንላትም ነበር። ላም ስትሸጥ እንኳ ወተቷን አጋንና መናገር ታፍራለች፤ ባሏ ባዬም በዚህ ሲበሳጭባት ኖሯል። እንደሷ ያለ ሰው አንድ ቀን ሲዋሽ ደግሞ አገር ሙሉ ያምነዋል። ጥፋቱም የመጣው ከዚያ ነው።

ነገሩ እንዲህ ሆነ። ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለው ቀበሌያቸው ባምላኩ የሚባል ጎልማሳ ሰኞ ማለዳ ከወንዙ መሻገሪያ ራሱን በድንጋይ ተመትቶ፣ ሞቶ ተገኘ። ከሁለት ቀን በፊት ቡሬ ገበያ ላይ ከንግሥቴ ልጅ ከገነነ ጋር በእርሻ ድንበር ተጨቃጭቀው፣ ገነነ ሰው እየሰማ «ቆይ አሳይሃለሁ» ብሎት ነበር። ይህን ቃል ብሎት የማያውቅ ማን አለ? ድንበሩ የተገፋበት ገበሬ ሁሉ ይለዋል። ፖሊስ ግን ገነነን ይዞት ሄደ። ዋስትና ተከለከለና ፍኖተ ሰላም ማረሚያ ቤት ገባ።

የሟች ታላቅ ወንድም ክንፈሚካኤል ፍርድ ቤት እስኪፈርድ አልጠበቀም። ገነነን እስር ቤት ስለማያገኘው ዓይኑን በአባትየው በባዬ ላይ ጣለ። ጠመንጃውን አንግቶ የነባዬን ማሳ ቁልቁል ከሚያሳየው ጉብታ ላይ ይውል ጀመር። ባዬ ከቤት መውጣት ተወ። ሰኔ አለፈ፣ ሐምሌ ገባ፣ መሬቱ ጦም አደረ፤ ጎረቤትም ጥይት ፈርቶ ጥማዱን ይዞ አልመጣም። ንግሥቴ ባሏ ደፍ ላይ ተቀምጦ ያ ሁሉ ዝናብ በከንቱ ሲወርድ ሲያይ ታየው ነበር።

ሐምሌ ሲጋመስ ሽማግሌዎች ገቡ፤ አምስት ናቸው። መሪያቸው የቡሬው እህል ነጋዴ ሐጂ ያህያ ነበሩ። ደም ሲፈስ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የሚጠራው እሳቸውን ነው። አብረዋቸው የደብሩ ቄስና ሦስት ገበሬዎች አሉ። ሐጂ ያህያ ዙሪያ ጥምጥም አልሄዱም። ክንፈሚካኤል ሊታረቅ ፈቅዷል፤ ነገር ግን በዳይ «በድያለሁ» ሳይል «ይቅር ለእግዜር» የሚባል እርቅ የለም። ልጁ እስር ቤት ስለሆነ የሥጋ ዘመዱ ይሂድና ቃሉን ከአፉ ተቀብሎ ይምጣ፣ አሉ። ባዬ መንገድ ቢወጣ አይመለስም። ስለዚህ ንግሥቴ ሄደች።

በማረሚያ ቤቱ አጥር ወዲህና ወዲያ ቆመው ተያዩ። ጠያቂው ሁሉ ስለሚጮህ እሷም መጮህ ነበረባት። የአባቱን ነገር፣ ያልታረሰውን መሬት፣ የጉብታውን ጠመንጃ አንድ በአንድ ነገረችው፤ ሽማግሌዎቹ የላኳትንም ነገረችው። ገነነ እስክትጨርስ አዳመጣትና ራሱን ነቀነቀ።

«እማየ፣ እኔ እጄን አላነሣሁበትም። አንድ ጊዜ ገድያለሁ ካልሁ ማን ያወጣኛል?»

«አባትህ ይሞታል፣ ልጄ።»

«አውቃለሁ» አለና አለቀሰ። ቃሉን ግን አልሰጣትም። የመጠየቂያው ሰዓት አልቆ ጠባቂው አስወጣት።

ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ በሚኒባሱ መስኮት እያየች አንድ ነገር ብቻ ስታወጣና ስታወርድ መጣች። ከታረቁ ከሳሽ የለም፤ ከሳሽ ከሌለ ክሱ ይቀራል፤ ክሱ ከቀረ ልጇ ይፈታል። እንዲህ የምታስበው እሷ ብቻ አልነበረችም። ባዬም፣ ጎረቤቱም፣ ከሽማግሌዎቹም የሚበዙት እንዲሁ ያምኑ ነበር። ደም የሁለት ቤት ጉዳይ ነው፤ ሁለቱ ቤት ይቅር ከተባባለ መንግሥት ምን ቤት ነው? ሁሉም የሚያውቀው ነገር ስለሆነ ማንም ማንንም አልጠየቀም።

ሽማግሌዎቹ ፊት ስትቀርብ ቄሱ መስቀሉን አስጨበጧት። ሐጂ ያህያ ከልጅሽ አፍ ምን ሰማሽ ብለው ጠየቋት።

«በድያለሁ፣ ይቅር በሉኝ ብሏል» አለች።

የፍልሰታ ጾም ሳይገባ ባዬ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ ከክንፈሚካኤል ደጅ ተንበረከከ። ክንፈሚካኤል ድንጋዩን በገዛ እጁ አወረደለት፤ በግ ታርዶ አብረው በሉ። ሰውየው ሲያኮርፍ ክፉ ነው፤ ሲታረቅም ከልቡ ነው። ጊዜው እንዳያልፍባቸው ብሎ ጥማዱን ይዞ መጣና የነባዬን ማሳ ጤፍ አብሮ ዘራ። ንግሥቴ ከዚያ ቀን ጀምራ የልጇን መፈታት ትጠብቅ ነበር።

ከመስቀል በኋላ የመጣው ግን የክስ ወረቀት ነው። መንግሥት ለገነነ የመደበለት ጠበቃ ትሕትና የምትባል ወጣት ነበረች። ንግሥቴን ከፍርድ ቤቱ ግቢ ግንብ ላይ አስቀምጣ እንደ ተማሪ አስረዳቻት። በሰው ነፍስ የሚከሰው መንግሥት ነው፤ የሟች ቤተሰብ ቢታረቅ ዐቃቤ ሕግ አይታረቅም። የእርቁ ወሬ ፖሊስ ዘንድ ስለደረሰም ሽማግሌዎቹ አምስቱም የዐቃቤ ሕግ ምስክር ሆነው ተቆጥረዋል።

«እማማ፣ ገነነ አለመግደሉን የማስረዳት ግዴታ የለበትም» አለች። «መግደሉን ማስረዳት ያለባቸው እነሱ ናቸው። አየሁ የሚል አንድ ሰው የላቸውም። ያላቸው የገበያው ዛቻና የእርስዎ ቃል ነው።»

ንግሥቴ ያኔ ምን እንዳደረገች ገባት። ቤቷን ለማዳን ብላ፣ ከሳሾቹ ፈልገው ያጡትን ማስረጃ በገዛ እጇ አቀብላቸዋለች።

ሐጂ ያህያ ችሎት ቀርበው፣ ምለው የሰሙትን ተናገሩ፤ እንባቸው በጢማቸው ይወርድ ነበር። አራቱም ያንኑ ደገሙ። ገነነ እናቱ በእሱ ስም ምን እንዳለች የሰማው ያን ቀን፣ ከተከሳሽ ሳጥን ውስጥ ቆሞ ነው። ዞሮ አያት። አልተቆጣም፤ ተቆጥቶ ቢሆን ይሻላት ነበር።

እሷ የመከላከያ ምስክር ሆና የምትቀርብበት ቀን ጠዋት፣ መኪና ሲጠብቁ፣ ለባዬ ሁሉንም አወጣችለት። እውነቱን ብትናገር እርቁ ሊፈርስ፣ ጠመንጃውም ወደ ጉብታው ሊመለስ ይችላል።

«ተናገሪ» አላት ባዬ። «እኔ የምኖረውን ኖሬያለሁ።»

ችሎቱ ፊት ቀኝ እጇን አንሥታ ማለች፤ ልጄ አላለም፣ ያልሁት እኔ ነኝ አለች። ክንፈሚካኤል ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ይሰማል። ዐቃቤ ሕጉ ተነሣ። ለሽማግሌዎቹም ምለሽ ነው፣ አሁንም ምለሽ ነው፣ የትኛው መሐላ ነው እውነተኛው ብሎ ጠየቃት።

«ይኸኛው።»

«ያን ጊዜ ብትጠየቂስ ምን ትይ ነበር?»

ውሸት የማይሆንላት ሴት ናትና አሰበችበት። «ይኸኛው እል ነበር» አለች። ትሕትና ዓይኗን ጨፈነች።

በጥር ፍርዱ ተነበበ። እናት ልጇን ለማስፈታት የምትሰጠው ቃል፣ ገለልተኛ ሽማግሌዎች ፊት ቀድሞ ከሰጠችው ቃል የበለጠ አይታመንም ተባለና ገነነ ጥፋተኛ ሆነ። ቅጣቱ ሲታሰብ እርቁ እንደ ጸጸት ተቆጥሮ ማቅለያ ሆነለት። ዳኛው የሚለው ካለ ጠየቁት።

«የታረቀው አባቴ ነው» አለ። «እኔ ያልሠራሁትን አልጸጸትም።»

ዐሥራ አራት ዓመት ፈረዱበት።

ግቢው ውስጥ ክንፈሚካኤል ወደ እነሱ ሲመጣ ባዬ ከንግሥቴ ፊት ቆመ። ሰውየው ግን ባዶ እጁን ነው፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

«እትየ ንግሥቴ፣ እኔ አመንሁዎ» አላት።

ያመናት ሰው በመገኘቱ እግሩ ላይ ልትወድቅ ስትል ክንዷን ይዞ አቆማት።

«ሌላ ሰው ባምላኩን ይከታተለው ነበር ብለው ክረምት ላይ ነግረውኝ ነበር። ላጣራ ስል የእርስዎ ቃል መጣ። ንግሥቴ ካለች አለቀ አልሁና ተውሁት። ሰውየው ያኔውኑ አገር ለቆ ሄደ፤ አሁን የት ብዬ ልፈልገው?» ክንዷን ለቀቃት። «ወንድሜንም ልጅዎንም ቀበሩብኝ።»

እሱም አልተቆጣም። ዞሮ ወደ መናኸሪያው ሄደ።

ገነነን እጁን በካቴና አስረው ወደ መኪናው ሲወስዱት በአጠገባቸው አለፈ። ጠባቂው ጥቂት እንዲቆም ፈቀደለት። ንግሥቴ ይቅርታ ልትለው አፏን ስትከፍት ቀደማት።

«እማየ፣ ጤፉ ተወቃ?» አላት።

«ተወቃ» አለች። «ጥሩ ምርት ነው።»

እውነቷን ነበር።