የዘይዲ ባለሙያ

«እንግዲህ የባለሙያዋን ስም ይዞት መቃብር ገባ» አለ የሟች ጓደኛ ሄርሽል፣ የጎረሰውን እንቁላል ሳይውጥ።

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ወዲያው ሁሉም የት እንደተቀመጡ ትዝ አላቸውና ሳቃቸውን ዋጡ።

ኖኣ የዓሣ ሰሃን እንደያዘች በሩ ላይ ድርቅ ብላ ቀረች። ለቅሶ ቤት ይሳቃል እንዴ? አያቷ ከተቀበረ ገና ሦስተኛ ቀኑ ነው። በአይሁድ የለቅሶ ወግ መስታወቱ ሁሉ አንሶላ ለብሷል፣ እናቷ ሪና መሬት ልትነካ ትንሽ በቀራት አጭር ወንበር ላይ ለአባቷ ለቅሶ ተቀምጣለች፣ ሽማግሌዎቹ ደግሞ ስለ ቤዝቦል ይቀልዳሉ። ይባስ ብሎ ኖኣ ራሷ ልትስቅ ነበር። ግን ባለሙያዋ እሷ ናት።

በክሊቭላንድ ነገሩን ያልሰማ ኳስ ወዳድ የለም። ከሰባት ዓመት በፊት የከተማው ቡድን ዳሪዮ ኦካስዮ የሚባል ገና ጀማሪ ልጅ ሰጥቶ አንድ ያረጀ ኳስ ወርዋሪ ተቀበለ። ያኔ ዘይዲ፣ አያቷን እንደዚያ ነው የምትጠራው፣ ሬዲዮ ጣቢያ ደወለና «ጥሩ ልውውጥ ነው፤ የማምናት ባለሙያ ነግራኛለች፣ ይሄ ልጅ አየር ላይ የሚታጠፍ ኳስ አይመታም» አለ። ኦካስዮ ግን ከሄደ በኋላ የሚታጠፈውንም የማይታጠፈውንም ከአጥር ውጭ እያወጣ ኮከብ ሆነ። ከተማው በጸጸት ጥፍሩን በላ፣ ሬዲዮው ደግሞ ልጁ አንድ ነገር ባደረገ ቁጥር የዘይዲን ድምፅ ያሰማል። ዘይዲን ሥጋ ቤት ሲገባ እንኳን «ባለሙያዋ እንዴት ናት?» ይሉት ነበር። እሱም «ደህና ናት፣ እያደገች ነው» ይል ነበር።

«እኔ የምጠረጥረው ሚስቱን ነበር፣ ነፍሷን ይማርና» አለ አንዱ።

«እሷማ ኳስ ከብርቱካን አትለይም ነበር» አለ ሄርሽል።

«እኔ ነኝ» አለች ኖኣ።

«ምኑ ነሽ?»

«ባለሙያዋ።»

ሄርሽል ማኘኩን አቆመ። «አንቺ? ያኔ እኮ የጫማሽን ክር የማስርልሽ እኔ ነበርኩ።»

ከዚያ ሁሉንም ዘረገፈችው፣ በቃ አፏ አልዘጋ አላት። ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። አክሮን ከተማ፣ የጀማሪ ተጫዋቾቹ ሜዳ፣ በዚያ የሚያዝያ ብርድ አጥሩ ሥር ቆማ ኳስ ዘርግታ «ፈርምልኝ» ስትለው ኦካስዮ ሳያያት አለፈ። መኪና ውስጥ እየተነፋረቀች ዘይዲን «የሚታጠፍ ኳስ አይመታም» አለችው። እልህ ነው እንጂ ስለ ኳስ ምን ታውቃለች?

«ሰባት ዓመት ሙሉ ሰው ሲስቅበት እኔ ዝም አልኩ፣ አጎቴ ሄርሽል። እሱም ስሜን አንድ ቀን አላነሳም።»

ሪና ከወንበሯ ቀና አለች። «ተናደሽ እንደተናገርሽው አባዬ ያውቅ ነበር?»

«እንባዬን የጠረገልኝ እሱ አይደል?»

«እያወቀ ነው ሬዲዮ ላይ የተናገረው? ለምን?»

«ሊያስቃት ፈልጎ ነዋ» አለ አንዱ። ሌላው «አይደለም፣ እሱ ራሱ ልጁን አልወደደውም፣ ሰበብ ፈልጎ ነው» አለ። አንዷ ጎረቤት ደግሞ «ከልቡ አምኗት ቢሆንስ?» አለች። ሁሉም ወደ ሄርሽል ዞሩ።

«እኔን አትዩኝ» አለ። «አርባ ዓመት አጠገቡ ተቀምጬ ኳስ አየሁ። አላውቅም።»

ኖኣም አላወቀችም። ይቅር ብሏታል ማለት ነው ወይስ ጭራሽ አልተቀየማትም? ቀልዶባታል ወይስ አምኗታል? ግን ምን ያጨናንቃል፣ መጠየቅ ነው። ሰሃኑን ሄርሽል ጭን ላይ አስቀመጠችና ኮሪደሩን ተሻግራ የዘይዲን መኝታ ቤት በር ሁለቴ አንኳኳች።

በሕይወት እያለ እንደምታደርገው፣ ጆሮዋን በሩ ላይ ለጥፋ «ግቢ» እስኪላት ቆመች።