ከስምንት ሠራተኛ አሥራ አንድ ተጠርጣሪ

«አሥራ አንድ ናችሁ አልኩ፣ አሥራ አንድ!»

«ጋሼ፣ ጠቅላላ ሠራተኛው እኮ ስምንት ነው። ሦስቱን ከየት አመጣሃቸው፣ ወለድካቸው?» አልኩት።

ሁሉም ሳቀ፣ ከአለቃችን በቀር። አዲሱ የእንጨት መብሻ ድሪል ከጠፋ ወዲህ ጥርሱን ያየ የለም። ቅዳሜ ጠዋት ስቶር ውስጥ ነበር፤ ማታ ሲታይ የለም። በሩ ደግሞ አልተገነጠለም፣ በቁልፍ ነው የተከፈተው። ይኸው ከዚያ ወዲህ የእንጨት ሥራ ቤታችን ውስጥ ሰው ሽንት ቤት ሲሄድ እንኳ በዓይን ይሸኛል።

«ቁልፍ ያላቸው አምስት፣ ቅዳሜ የገቡ ስድስት። አሥራ አንድ! አማችህ ደግሞ ሁለቱም ውስጥ አለ። ሁለቴ ተቆጠረ፣ ሁለት እጥፍ ይጠረጠራል። ዛሬውኑ ይውጣልኝ!»

አማቼ የእህቴ ባል ነው፤ እህቴ ደግሞ እርጉዝ ናት። እሱ ከተባረረ ጓዛቸውን ጠቅልለው የሚመጡት ወደ እኔዋ አንዲት ክፍል ነው። ከሦስተኛ ክፍል የፈረጠጥኩ ብሆንም ዝም አላልኩም። ቁርጥራጭ እንጨት ለቃቀምኩና ወለሉ ላይ ደረደርኩ።

«አንድ ሰው፣ አንድ እንጨት። አማቼን ሁለት ቦታ ልተክለው አልችልም፣ መሀል ይቀመጥ። እኔም ቁልፍ አለኝ፣ ቅዳሜም ነበርኩ፤ መሀል። ቀለም ቀቢውም እንደዚሁ። ቁልፍ ብቻ ያላቸው ሁለት፣ ቅዳሜ ብቻ የገቡ ሦስት። ስንት ሆነ?»

«ስምንት» አለ አለቃችን እያጉረመረመ።

«ሌባው ቁልፍም አለው፣ ቅዳሜም ነበር። ስለዚህ ዳር ዳሩን ጥረገው። አማቼ ከሦስት አንድ፣ እኔም ከሦስት አንድ!»

ምን እንዳልኩ የገባኝ ካልኩት በኋላ ነው። አማቼ እግሬን ረገጠኝ። «አንተ፣ ጠበቃዬ ነህ ከሳሼ?» ቀቢው ከአጠገቤ ፈቀቅ አለ። እኔም በጎን አየሁት። አማቼንም አየሁት። ለነገሩ ቅዳሜ ምሳ ሰዓት ላይ የት ጠፍቶ ነበር?

አለቃችን እጁን አፋተገ። «ጎበዝ! እንግዲያው ሦስታችሁም ውጡልኝ!»

ጥግ ላይ የሶፋ ጨርቅ የምትሰፋው ሚስቱ የስፌት መኪናዋን አቆመች።

«አራት ናቸው» አለች፣ ቀና ሳትል።

«ማነው ደሞ አራተኛው?»

«አንተ ነሃ። ቁልፍ አለህ። ቅዳሜም ሥራ ዋልኩ ብለኸኛል፣ እዚህ ግን ያየህ የለም። ወይ ሌባው አንተ ነህ፣ ወይ የዋልክበትን የሴትዮ ቤት ንገረኝ።»