የሰብስቤ ብሎኬት

ቄስ ገብረክርስቶስ «የተጣላችሁ ሳትታረቁ ምህላው አይጀመርም» ብለው ሲያውጁ፣ ኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠችው አበራሽ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች። እሰይ! አራት ዓመት ሙሉ የጠበቀችው ቀን በገዛ እግሩ መጣላት።

ምህላው ለአገር ነው። ሰላም እንዲወርድ፣ ዝናቡ በወቅቱ እንዲዘንብ፣ እግዜር ያንን ሕዝብ እንዲባርከው ሦስት ቀን ጾምና ጸሎት ታውጇል። እዚህ ፈረንጅ አገር፣ ኢስት ዮርክ ያለው ቤተ ክርስቲያን ከከተማው ሌላ ዳር ከጄን ኤንድ ፊንች ሳይቀር በመጣ ምእመን ጢም ብሏል። ያዘጋጀው የሰበካ ጉባኤው ሊቀመንበር ሰብስቤ ነው። ፖስተሩ ላይ ፎቶው ከእመቤታችን ሥዕል አጠገብ፣ ያውም በለጥ ብሎ ወጥቷል። አይ ሰብስቤ! ለአገር ሲለመንም መታየት አለበት።

አበራሽና ሰብስቤ ሰላም እንደማይባባሉ የማያውቅ የለም። ለምን እንደሆነ እሷ ብትናገርም ያመናት አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አበራሽ ክሬሰንት ታውን ፎቅ ላይ አንዲት ክፍል ተከራይታ፣ ሆቴል አልጋ እያነጠፈች፣ አንድ ልጇን ብሩህን ከአገር ቤት ለማምጣት አፕላይ አደረገች። ቅጹን የሞላላት ሰብስቤ ነው፤ ያን ጊዜ እንግሊዝኛ ላልደፈረ ሁሉ እየተከፈለው የሚሞላው እሱ ነበር። እሷም «ጋሼ» ብላ፣ በአንቱታ፣ እጅ ነስታ ወረቀቷን ሰጠችው። ጋሼ ታዲያ የልጁን የልደት ዘመን በእኛው አቆጣጠር 1992 ብሎ ቁጭ አደረገው። ወደ ፈረንጅ ማዞሩን ረሳ። የአሥራ ስድስት ዓመቱ ልጅ ባንድ ጀምበር የሃያ አራት ዓመት ጎረምሳ ሆነ። መልሱ መጣ፦ ዕድሜው ለስፖንሰር አልፏል፣ ሌላው ወረቀት ደግሞ ሌላ ዕድሜ ይላል፣ ዋሽታችኋል፣ አምስት ዓመት ድርሽ እንዳይል።

አበራሽ ሮጣ ሄደች። «ጋሼ፣ ስህተቱ የእኔ ነው ብለው አንድ ደብዳቤ ይጻፉልኝ።»

ጋሼ ዓይኑን በጨው አጠበ። «አንቺ የነገርሽኝን ነው የጻፍኩት» አላት። ለሰውም እንዲሁ አለ፤ ሰውም አመነው።

ይባስ ብሎ ወሬው አገር ቤት ደረሰ። ብሩህ በስልክ «እማዬ፣ እንዳልመጣብሽ ብለሽ ነው ዕድሜዬን ያበዛሽው?» አላት። ብትምል፣ ብትገዘት አልሰማትም። ከዚያ ወዲያ ስልኳን ማንሳት ተወ። አምስቱ ዓመት ሊያልቅ ስምንት ወር ሲቀረው ጦርነቱ በላው። እናቴ አልፈለገችኝም እንዳለ ሞተ፤ ይኸው አራት ዓመቱ። አበራሽን አንጀቷን ያሳረራት ይኼ ነው፤ ሞትማ ለማንም አይቀር።

እንግዲህ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው። ሽማግሌዎች ሰብስቤን ከፊት ወንበር አስነስተው አመጡት። ያን ሁሉ ሕዝብ ሰብስቦ አልታረቅም ሊል ነው? ወጉን ሁሉም ያውቀዋል፤ በዳይ ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸክሞ ይንበረከካል፣ ተበዳይ ስትምረው ታነሳለታለች። ሰብስቤም ፈገግ እንዳለ ድንጋዩን አወጣ። ከአበባ መደቡ ያመጣት፣ ቡጢ የማታክል ጠጠር ናት።

«ይኼ ምንድነው?» አለች አበራሽ።

«ያው ድንጋይ ነዋ፣ እህቴ።»

«አንተ ሰውዬ፣ ልጄ ይኼን ያህል ነው የሚከብደው?»

ጋሼ ቀርቶ አንተ ሰውዬ!

«ደጅ ለምህላው የተተከለውን ድንኳን ገመድ የያዘ ብሎኬት አለ» አለች። «እሱን አምጡለት።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንዱ ወጥቶ አመጣው፤ ሰብስቤ ተንበረከከ፣ ለሁለት ሆነው አንገቱ ላይ ጫኑት። የሰብስቤ ፈገግታ እዚያው ላይ አበቃ።

«ባውቅም ባላውቅም ላጠፋሁት ሁሉ ይቅር በይኝ፣ እህቴ።»

«ምን አጠፋህ?»

«ያው ሰው ነኝና...»

«እሱን ተወው። ምን አጠፋህ?»

የመዘምራኑ አለቃ መሰረት አላስቻላትም። «ኧረ ስለ እመብርሃን፣ አበራሽ! አገር እየነደደ አንቺ ቂምሽን ታስታምሚያለሽ? ለአገሩ ስትይ ተይው!»

አበራሽ ዞረችባት። «ልጄ የት ያለ መሰለሽ? አገሩ ውስጥ ነው ያለው፣ አፈር ለብሶ። ከእኔ በላይ ያ አፈር ይባረክልኝ የሚል ካለ ይምጣና ይናገር!» ከዚያ ወደ ቄሱ ዞረች። «አባ፣ ኃጢአቱን ሳይናገር ይፈታል የሚል መጽሐፍ ካለ ያንብቡልኝና ልቀመጥ።»

ቄሱ ጢማቸውን ዳበሱ። «የለም፣ ልጄ» አሉ። «ሰብስቤ፣ ተናገር።»

ሰብስቤ ብሎኬቱን በሁለት እጁ ደገፈ። ላቡ ምንጣፉ ላይ ተንጠባጠበ።

«1992 ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለ በሹክሹክታ።

«ጮክ በል።»

«የጻፍኩት እኔ ነኝ! ማዞሩን ረሳሁ። ደብዳቤ ስትለምነኝ ሥራዬን እንዳላጣ፣ ሰው እንዳይስቅብኝ ፈራሁና በእሷ አላከክሁ።»

«አሁንም ጮክ በል።»

«ኧረ ሰምተናል፣ በቃ!» አለ አንዱ ሽማግሌ።

«እናንተማ ሰማችሁ» አለች አበራሽ። «ልጄ ነው ያልሰማው። ያለው ሩቅ ነው።»

ሰብስቤ ቀና ለማለት ሞከረ፤ ብሎኬቱ ከለከለው። እንዳጎነበሰ ጮኸ። «ብሩህ! እናትህ አይደለችም! እኔ ነኝ! እኔ ነኝ፣ ልጄ!»

መሰረት ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች። ቄሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «በይ እንግዲህ፣ ልጄ፣ አንሺለት።»

«ይቆይ» አለች አበራሽ። «ምህላው ይጀመር።»

ተጀመረ። አርባ አንዱ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ሲቆጠር ሰብስቤ ከነብሎኬቱ እንደተንበረከከ ነው። አበራሽ ከሕዝቡ ጋር ለአገሩ ትለምናለች፤ ዓይኗ ግን እሱ አንገት ላይ ነው። አሥር። ሃያ። ሠላሳ ሦስተኛው ላይ ክንዱ ከዳውና ወደ ጎን ዘመመ። አበራሽ ተነስታ ሄደች፣ ብሎኬቱን በሁለት እጇ ብድግ አድርጋ ምንጣፉ ላይ አስቀመጠችው።

ቤቱ በእልልታ ተናጋ። «ይቅር አለችው! ተመስገን!»

ምኑን ይቅር አለችው! ወደ ጆሮው ጎንበስ አለች። «ያነሳሁልህ ሞተህ እንዳታመልጠኝ ነው። ብሩህ አንዴ ሲጠሩት የሚሰማ ልጅ አልነበረም። ምህላው ደግሞ ሦስት ቀን ነው። ነገም ይዘኸው ና።»

ሰብስቤ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። «እመጣለሁ» አለ።

በማግስቱ፣ ቄሱ እንኳ ሳይደርሱ፣ ብሎኬቱን ተሸክሞ በሩ ላይ ይጠብቃት ነበር።