የጥጥ ክብደት

«ሦስት!» አለች መምህርቷ ጮክ ብላ፤ የሚዛኑን ፊት ግን በመዳፏ ሸፍናዋለች። ምን ሦስት አለ! መርፌው ሁለት ኪሎንም በቅጡ አላለፈም።

ሰኞ በመጣ ቁጥር የመዋዕለ ሕፃናቱ ልጆች ጥጥ የሚሏትን ነጭ ጥንቸላቸውን ይመዝናሉ። ቁጥር የለዩት በሷ ነው። ተረኛው መርፌውን ያነባል፣ መምህርቷ ግድግዳው ላይ በተለጠፈው ወረቀት ትጽፋለች። «ሚዛኑ ያለውን ብቻ!» ብላ ያስተማረቻቸውም ራሷ ናት። ዛሬ ግን ማንንም አላስነበበችም።

«ቲቸር፣ የኔ ተራ ነበርኮ!» አለ አንዱ አኩርፎ።

«የኔ ጌታ፣ በሚቀጥለው ሰኞ ታነባለህ።»

ጥጥ ሞታለች። ዓርብ ለታ መምህርቷ የጥንቸሏን የውሃ ጠርሙስ መሙላቱን ረስታ፣ በሩን ቆልፋ ሄደች። እሑድ ጠዋት ዘበኛው ደውሎ ጠራት። ሽማግሌው ጥንቸሏን ጓሮ ቀብሮ ሲያበቃ፣ እሷ የጥጥን መሳይ ፍለጋ ገበያ ልትሮጥ ተነሳች። «ልጄ፣ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አላት። አልሰማችውም፤ ዛሬ የተመዘነችው ያኔ የገዛቻት ናት፣ ጥጥ ግን ሦስት ኪሎ ነበረች። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ግን ባዶ ጠርሙስ የሚልስ ምላስ ድምፅ ከጆሮዋ አልወጣ ብሏል፤ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ሳህን ስታጥብ ትሰማዋለች። እዚህ ልጆቹ መሃል ቆማም ትሰማዋለች። ፈርታለች።

ያስዋሻት ግን ፍርሃት ብቻ አይደለም። ከፊት የምትቀመጠው ዝምተኛዋ ልጅ ናት። እናቷ ከሞተች ሁለት ወር ሆኗታል። አባትየው፣ «መንገድ ሄዳለች፣ ትመጣለች ብለናታል። አደራ፣ መምህር፣ ከአፍዎ እንዳያመልጥ!» ብሎ ለምኗታል። ልጅቷ ከዚያ ወዲህ ለሰው ትንፍሽ ብላ አታውቅም። የጥንቸሏ ጆሮ ላይ ተደፍታ ስታንሾካሹክ ነው የምትውለው። ጥጥ የለችም ማለት፣ ያቺን ቅንጣት ድምፅም ማጥፋት መሰላት።

ልጆቹ ለእረፍት ሲወጡ ዝምተኛዋ ቀረች። ጥንቸሏን አቀፈች፣ ጆሮዋን አገላብጣ አየችና ወደ ሳጥኗ መለሰቻት።

«ይቺ ጥጥ አይደለችም» አለች።

መምህርቷ ክው አለች። ይህን ድምፅ ለመስማት ሁለት ወር ሙሉ ጓጉታለች።

«እንዴት አወቅሽ፣ የኔ እናት?»

«ቀለለችኝ። አንቺ ደግሞ ሦስት ብለሽ ጻፍሽ።» ልጅቷ ወረቀቱን አየች፣ ከዚያ መምህርቷን። «እማዬም ስትመጣ፣ ሌላ ሴት ናት የምታመጡልኝ?»

መምህርቷ የልጆቹ ትንሽ ወንበር ላይ ቁጭ አለች። ጆሮዋ ውስጥ ጠርሙሱ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። ምላሷ ላይ የመጣው ሁሉ ሌላ ውሸት ነበር።

እንደ ምንም ተነስታ ሦስትን ሰረዘችና ሁለት ጻፈች።

«ጥጥ ሞታለች። ውሃ የረሳሁት እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ።»

«እማዬስ?»

መምህርቷ በአንድ እጇ የልጅቷን እጅ ይዛ፣ በሌላው ለአባትየው ደወለች።

«ወንድሜ፣ አሁኑኑ ይምጡ። ስለ እናቷ ጠይቃኛለች። እርስዎ ይንገሯት፣ እኔም አብሬ እቀመጣለሁ። አደራዎን ግን ከእንግዲህ አልችለውም።»