የ«ነጥብ አለኝ» ጥያቄ

«ኤጀንሲው የአርባ በመቶ የበጀት ጭማሪ የጠየቀው የሥራ ጫናው ስለበዛ ነው» አለ ሥራ አስኪያጁ መነጽሩን እያስተካከለ። «የእሳት አደጋ ሥራ ቀልድ አይደለም።»

ከምክር ቤቱ አባላት ገሚሱ ራሱን ይነቀንቃል፣ ገሚሱ ያንቀላፋል። ከአባላቱ አንዱ የሆነው ፀጉር አስተካካይ ግን ላብ በላብ ሆኗል። እዚህ አዳራሽ ውስጥ በስሙ የሚጠራው የለም፤ «ነጥብ አለኝ» ነው የሚሉት። ሰው ሁሉ ምሳው ናፍቆት ወንበሩን ወደኋላ ሲገፋ እንኳ እጁን አውጥቶ «ነጥብ አለኝ» ማለቱን ትቶ አያውቅም።

የዛሬው ነጥቡ የታወቀ ነው። ባለፈው በጋ ከፀጉር ቤቱ ጎን ያለው የጎረቤቱ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ሲቃጠል የኤጀንሲው መኪና ሳይረኑን እያስጮኸ ደረሰ፤ ታንከሩ ግን ባዶ ነበር። ሠራተኞቹ ቱቦውን ዘርግተው እርስ በርስ ተያዩ። እሱ በባልዲ ውሃ ሲያመላልስ መዳፉ ተላጠ፤ ሱቁ አመድ ሆነ። «እኔ እያለሁ ይሄ ነገር ተዳፍኖ አይቀርም» ብሎ ለባለሱቋ ሴትዮ ማለላት። አሁን ከኋላ፣ የተመልካች ወንበር ላይ ሆና ታየዋለች።

በምክር ቤቱ ደንብ ጥያቄ አስቀድሞ በጽሑፍ ይገባል። አፈ ጉባኤው ደግሞ «መልስ ይዘጋጁበት» እያለ ለሚጠየቀው መሥሪያ ቤት ይልከዋል። የነጥብ አለኝም ጥያቄ እንደ ደንቡ ተላከ። ብዙም ሳይቆይ ከተመረቀ ጀምሮ ቤት የዋለው ልጁ ከዚያው ኤጀንሲ ተደወለለትና ሒሳብ ክፍል በሙከራ ተቀጠረ። ልጁ በደስታ መሬት አልበቃው አለ፤ ነገሩ የገባው አባትየው ነው።

ጠዋት ሚስቱ ኮቱን እያቀበለችው፣ «ዛሬ እንኳ አፍህን ያዝ» አለችው።

«ለሴትየዋ ቃል ገብቻለሁ።»

«ለልጅህስ? ያን ሁሉ ጊዜ ተጋድሞ ጣሪያ ሲቆጥር አላየኸውም?»

ኮቱን ደርቦ ወጣ። ስብሰባው ሳይጀመር ደግሞ ሻይ ላይ ሥራ አስኪያጁ አጠገቡ መጥቶ ቆመ።

«ልጅዎ ጨዋ ነው። አስተዳደጉ ያስታውቃል።»

«ተመስገን።»

«በቋሚነት ልንይዘው አስበናል። በጀቱ ካለፈ ማለቴ ነው።»

ይህን ሲል ድምፁን እንኳ ዝቅ አላደረገም። ነጥብ አለኝን ከሁሉ በላይ ያንገበገበው ይኸው ድፍረቱ ነው።

«እሺ፣ ነጥብ አለኝ» ብሎ አፈ ጉባኤው ሲጠራው አዳራሹ ሳቀ። «ተራው ያንተ ነው።»

ተነሳ። ሴትየዋ ወደፊት ዘንበል ስትል አያት።

«የእኔ ጥያቄ... በክቡር ሥራ አስኪያጁ ማብራሪያ ተመልሷል።»

ሳቁ ቆመ። ያንቀላፉትም ነቁ። ጭማሪው በሙሉ ድምፅ አለፈ፤ የእሱም እጅ ተቆጠረ።

ሲወጣ ሴትየዋ ደረጃው ላይ ጠበቀችው። ለስድብ ተዘጋጀ፤ እንዲያውም ብትሰድበው በወደደ።

«ልጁ ሥራ መግባቱን ሰማሁ» አለችው። «እንኳን ደስ አላችሁ።»

«እትዬ፣ እኔ እኮ...»

«ተወው ወንድሜ። ሱቁ እንደሆነ ነዷል፤ አንተ ስለጮህክ አይመለስ።» ግራ ቀኝ አይታ ጠጋ አለችው። «የእኔዋም ልጅ የተማረችው ሒሳብ ነው። ሱቁ ከተቃጠለ ወዲህ ቤት ነው የምትውለው። እንግዲህ ሰውየው አሁን ያውቅሃል። አንድ ቃል ብትናገርልኝ ምን አለበት?»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ደስ ባለው። ምን ብሎ እምቢ ይበላት? በየትኛው አፉ? ከታች ሥራ አስኪያጁ ሰው እየተሰናበተ መኪናው ውስጥ ሊገባ ነው።

«እዚሁ ይጠብቁኝ» አለና የኮቱን ቁልፍ ቆልፎ፣ የመኪናው በር ሳይዘጋ ለመድረስ ደረጃውን እየዘለለ ወረደ።